ላፕቶፑ ለምን ይጮኻል? ቺፕ ውስጥ ስላለችው ትንሽ ወፍጮ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከቅዳሴ ተመልሳችኋል፣ ምሳ ተበልቷል፣ ቡናው እየተቆላ ነው። አገር ቤት ላሉት እማማ በቪዲዮ የምትደውሉበት ሰዓት ደረሰ። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ልጆች እየተጋፉ ፊት ለፊቱ ይደረደራሉ። «እማማ! ይሰማል? ይታያል?» አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ ላፕቶፑ ሊነሣ እንደተዘጋጀ አውሮፕላን መጮኽ ይጀምራል። ሥሩ እንደ ምጣድ ይግላል። የእማማ ፊት ካሬ ካሬ ይሆናል፣ ከዚያ ጭራሽ ይቆማል፤ ድምፃቸው ብቻ እየተቆራረጠ ይመጣል።

ያኔ ችሎቱ ይከፈታል። አባት «የአገር ቤት ኔትወርክ ነው» ይላሉ። እናት «ቀኑን ሙሉ ጌም እየጫነ ያበላሸው እሱ ነው» ብለው ወደ ልጁ ይዞራሉ። ልጁ ደግሞ «አርጅቷል አልኳችሁ፣ አዲስ ግዙ» ይላል። አንዳንዴ እውነትም ኔትወርኩ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሦስቱም ያላሰቡት አራተኛ ተከሳሽ አለ።

በእያንዳንዱ ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ውስጥ ከቪዲዮ በቀር ሌላ ሥራ የማትሠራ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። የዛሬው ጨዋታችን ስለ እሷ ነው። የምታውቀውንና የማታውቀውን ለይታችሁ ከያዛችሁ ሁለት ነገር ታተርፋላችሁ። አንደኛ፣ ልጁ ባልሠራው ጥፋት አይወቀስም። ሁለተኛ፣ በስንት ልፋት የተገኘ ዩሮ ለማይረባ ዕቃ አይወጣም።

ሻንጣ መሸከፍ

ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚቀያየሩ ፎቶዎች ናቸው። በሰከንድ 30 ፎቶ እንበል። «ፉል ኤችዲ» የምንለው አንዱ ፎቶ በወርዱ 1,920፣ በቁመቱ 1,080 ነጥቦች አሉት። ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። የእያንዳንዷ ነጥብ ቀለም 3 ባይት ቢይዝ አንዱ ፎቶ ብቻ ከ6 ሜጋባይት ይበልጣል፤ አንድ ሰከንድ ደግሞ ከ186 ሜጋባይት ያልፋል። እንዲህ እንዳለ ቢቀመጥ 128 ጊጋባይት የሚይዝ ስልክ 12 ደቂቃ ሳይቀርጽ ይሞላ ነበር። የአንድ ሰዓት የክርስትና ቪዲዮ ወደ 670 ጊጋባይት ይወስድ ነበር። ማን ይልከዋል? በየትኛው መስመር?

ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ሻንጣ እንዴት እንደምትሸክፉ አስቡ። ሚዛኑ 23 ኪሎ ላይ ያቆማችኋል። ስለዚህ የጫማው ካርቶን ይጣላል፣ ጫማው ውስጥ ካልሲ ይጎሰጎሳል፣ ጃኬቱ ተጠቅልሎ ይታሰራል። ቪዲዮም እንደዚሁ ይሸከፋል። ዋናዎቹ ብልሃቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው፣ ያልተለወጠውን አለመድገም ነው። እማማ ሲያወሩ ከኋላቸው ያለው ግድግዳና መጋረጃ አይንቀሳቀስም። አንዴ ከተላከ በየሰከንዱ 30 ጊዜ መላክ ለምን ያስፈልጋል? ሁለተኛው፣ የተንቀሳቀሰውን እንደ አዲስ ከመሳል ይልቅ «ይህች ቁራጭ ትንሽ ወደ ግራ ሄዳለች» ብሎ መናገር ነው። ሦስተኛው፣ የሰው ዓይን የማይለየውን ረቂቅ ዝርዝር መጣል ነው። የነጠላው ነጭ በአንድ ነጥብ ቢደበዝዝ ማን ያያል?

በነዚህ ብልሃቶች ያ ሁሉ ሸክም በሰከንድ ወደ 5 ሜጋቢት ሊወርድ ይችላል። ያ ማለት ወደ 300 እጥፍ ቀለለ ማለት ነው፤ የአንድ ሰዓቱ ቪዲዮ ከ670 ጊጋባይት ወደ ሁለት ጊጋባይት ከሩብ ይወርዳል። ባለሙያዎች መሸከፉን «ኢንኮድ ማድረግ»፣ መፍታቱን «ዲኮድ ማድረግ»፣ የመሸከፊያውን ዘዴ ደግሞ «ኮዴክ» ይሉታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፊልም ስታዩ ሌላ ሰው የሸከፈውን መፍታት ብቻ ነው የናንተ ላፕቶፕ ሥራ። ለእማማ ስትደውሉ ግን የእሳቸውን እየፈታ የናንተን ይሸክፋል፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ብቻ ነው። ጥሪው ከፊልሙ ይልቅ ላፕቶፑን የሚያስጮኸው ለዚህ ነው።

ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው

ለሒሳብ የምትጠቀሙበትን ባለ ካሬ ደብተር አምጡ። ወደ ጎን 8፣ ወደ ታች 8 ካሬ የያዘ ሳጥን አስምሩ። ውስጡ 64 ካሬዎች አሉ። በግራ በኩል ታች፣ አራት ካሬዎችን ጥቁር ቀቡ፤ ይህች ኳስ ናት። ከጎኑ ሌላ ሳጥን አስምሩና ኳሷን አንድ ካሬ ወደ ቀኝ አስኬዷት።

አሁን ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን ጥሩ። ደብተራችሁን እንዳያዩ፤ እነሱም ባዶ ሳጥኖች ያስምሩ። የመጀመሪያውን ሥዕል ካሬ በካሬ ንገሯቸው፤ «ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ ጥቁር...» እያላችሁ እስከ 64። ስንት ሰከንድ ፈጀ? ሁለተኛውን ሥዕል ግን «ኳሷ አንድ ካሬ ወደ ቀኝ» ብቻ በሏቸው። ይኼስ ስንት ፈጀ?

እናንተ ሸከፋችሁ፣ እነሱ ፈቱ። ቪዲዮ የሚሠራው እንዲህ ነው።

ቀጥሎ ጨዋታውን አበላሹት። ኳሷን አምስት ጊዜ አንቀሳቅሱ፤ ግን ሦስተኛውን መልእክት ዋጡት፣ አትናገሩ። እነሱ አራተኛውንና አምስተኛውን በትክክል ቢሠሩም ኳሷ የተሳሳተ ቦታ ላይ ትገኛለች። ኔትወርክ ሲቆራረጥ የእማማ ፊት ካሬ ካሬ የሚሆነው አንዱ መልእክት መንገድ ላይ ስለጠፋ ነው። ፊታቸው ድንገት የሚጠራው ደግሞ እንደገና 64ቱም ካሬ፣ ማለትም ሙሉ ፎቶ፣ ሲላክ ነው።

መንገዱ በሮም በኩል ያልፋል

ይህ ጥበብ ከሩቅ አገር ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በ1990 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጣልያን የዓለም ዋንጫን አስተናገደች። የፍጻሜው ጨዋታ ሐምሌ 8 ቀን እዚሁ ሮም በኦሊምፒኮ ስታዲየም ተካሂዶ ምዕራብ ጀርመን አርጀንቲናን 1 ለ 0 አሸነፈች። ኳሱን ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። በዚያው ውድድር ላይ ራይና ቴሌትራ የተባለው የጣልያን የመገናኛ መሣሪያዎች ኩባንያ የሠሩትን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። ጨዋታዎቹን በከፍተኛ ጥራት፣ በዲጂታል መንገድ ሸክፈው ጣልያን ውስጥ ባሉ 8 ሲኒማ ቤቶች አሳዩ። ከሮም ደግሞ ኦሊምፐስ በተባለው ሳተላይት ወደ ባርሴሎና፣ ከዚያ በፋይበር ወደ ማድሪድ ላኩት። ከአውሮፓ የመጀመሪያዎቹ ባለ ከፍተኛ ጥራት ሥርጭቶች አንዱ ነበር።

ያ መሣሪያ የተጠቀመበት ሒሳብ የመጣው ከአንድ ስደተኛ ነው። ናሲር አህመድ በ1940 በህንድ ባንጋሎር ተወልዶ ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ነው። በ1972 ሥዕልን በአጭሩ የሚገልጽ የሒሳብ ዘዴ አስቦ የምርምር ገንዘብ እንዲሰጠው የአሜሪካውን ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ጠየቀ። ሐሳቡ በጣም ቀላል ነው ተብሎ ተመለሰበት። እሱ ግን አልተወውም። የ1973ን በጋ ያለ ደመወዝ ሠራበት፤ በጥር 1974 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አሳተመው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሡት የጄፔግ ፎቶም ሆነ ብዙው ቪዲዮ በዚያ «በጣም ቀላል» በተባለ ሐሳብ ወይም ከእሱ በተወለዱ ዘዴዎች ነው የሚሸከፈው። ልጆች፣ አስተማሪ «ይኼማ ቀላል ነው» ብሎ ሐሳባችሁን ቢያልፈው ናሲር አህመድን አስታውሱ።

ሌላው ሰው ጣልያናዊ ነው። ሊዮናርዶ ኪያሪሊዮኔ በቶሪኖ በሚገኘው የቴሌፎን ምርምር ማዕከል የሚሠራ ኢንጂነር ነበር። በ1988 ከጃፓናዊው ሂሮሺ ያሱዳ ጋር ሆኖ ኤምፔግ የተባለውን ቡድን አቋቋመ። የቡድኑ ሥራ የዓለም ኩባንያዎች ሁሉ ቪዲዮና ድምፅን በአንድ ዓይነት ዘዴ እንዲሸክፉ ማስማማት ነበር። ኤምፒ3 ሙዚቃ የወጣው ከዚያ ነው፤ የዲቪዲና የዲጂታል ቴሌቪዥን ዘዴም ከዚያ ነው። አዲስ አበባ የተሸከፈ ቪዲዮ ሮም ላይ የሚፈታው ሁለቱም ወገን በአንድ ዘዴ ስለተስማማ ነው።

የእጅ ወፍጮና የሞተር ወፍጮ

ወደ ላፕቶፑ እንመለስ። ውስጡ ዋናው ሠራተኛ ፕሮሰሰሩ ነው። ፕሮሰሰር ሁሉን ይችላል፤ ይጽፋል፣ ያሰላል፣ ኢሜይል ይከፍታል፣ ካስገደዳችሁት ቪዲዮም ይፈታል። ግን ቪዲዮ ሲፈታ አያቶቻችን ጤፍ በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ እንደነበረው ነው። ይቻላል፣ ይደቃል፣ ግን ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ነው።

ከዚያ ወደ ሰፈሩ የሞተር ወፍጮ መጣ። ወፍጮ ቤቱ ወጥ አይሠራም፣ እንጀራ አይጋግርም፣ ልጅ አያሳድግም። መፍጨት ብቻ ነው ሥራው። ግን ቀኑን ሙሉ የሚፈጀውን እህል በደቂቃዎች ጨርሶ ያስረክባል።

በግራፊክስ ቺፕ ውስጥ ያለችው ክፍል ይህን ትመስላለች። ለቪዲዮ ብቻ ተብላ የተሠራች ናት። የሚያስፈልገው ስሌት በሶፍትዌር ሳይሆን በራሱ በሲሊከኑ ላይ ስለተቀረጸ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየወሰደች፣ ሳትግል ትጨርሰዋለች። ኢንቴል በ2011 «ኩዊክ ሲንክ» ብሎ በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ መሸከፊያም መፍቻም አስገባ። ኤንቪዲያ በ2012 «ኤንቬንክ» የተባለውን መሸከፊያ በግራፊክስ ካርዶቹ ላይ ጨመረ፤ ኤኤምዲም በዚያው ሰሞን የራሱን አመጣ። ይህች ክፍል ጌም ከሚሥሉት የቺፑ ክፍሎች የተለየች ናት። ልጃችሁ ጌም እየተጫወተ ጨዋታውን በቀጥታ ለጓደኞቹ ማሳየት የሚችለው ለዚህ ነው፤ አንዱ ክፍል ይሥላል፣ ሌላው ይሸክፋል።

ገንዘብ ያላቸውም ያለ ወፍጮ አልዘለቁም። ዩቲዩብ በየደቂቃው የሚጫንበትን ቪዲዮ ለመሸከፍ ተራ ኮምፒውተር አልበቃው ስላለ ጉግል የራሱን የቪዲዮ ቺፕ ሠርቶ በ2021 ይፋ አደረገ። ከድሮው አሠራር ጋር ሲነጻጸር ከ20 እስከ 33 እጥፍ ቀልጣፋ ነው ብሏል።

የዚህን ነገር ክብደት ሁላችንም በ2020 ቀምሰነዋል። መጋቢት 5 ቀን የጣልያን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ፤ ከቀናት በኋላ አገሩ ሁሉ ቤት ገባ። ልጆች በአንዴ ከክፍል ወደ ስክሪን ተዛወሩ። በዚያው ወር የአውሮፓ ኮሚሽን ጠይቆ ኔትፍሊክስ በአውሮፓ የሚልከውን የቪዲዮ መጠን ለ30 ቀን ቀነሰ፤ ዩቲዩብም ጥራቱን ዝቅ አደረገ፣ መስመሩ እንዳይጨናነቅ። ስለ መስመሩ ብዙ ተወራ። ስለ ቺፑ ግን ማንም አላወራም። 25 ተማሪ ካሜራ ሲከፍት 25 ትንንሽ ቪዲዮ ይፈታል ማለት ነው። ያ ሁሉ ሥራ ባረጀ ፕሮሰሰር ትከሻ ላይ ሲወድቅ ላፕቶፑ ይግላል፣ ይጮኻል፣ ልጁም ከክፍሉ ይወጣል። አስተማሪዋ «ለምን ጠፋህ?» ስትለው ምን ብሎ ይመልስ?

ወፍጮዋ የማታውቀው እህል

የሞተር ወፍጮ አንድ ችግር አለበት። የተሠራበትን ብቻ ነው የሚያውቀው። የቪዲዮዋም ክፍል እንዲሁ ናት። ዘዴው በሲሊከን ላይ ስለተቀረጸ እንደ አፕሊኬሽን «አፕዴት» ተደርጎ አዲስ ዘዴ አይጨመርባትም። ፋብሪካ ውስጥ ያልተሰጣትን በኋላ አትማርም።

የመሸከፊያ ዘዴዎች ግን በየጊዜው ይወለዳሉ። ኤች.264 በ2003 መጣ፤ እስከ ዛሬ ሁሉም መሣሪያ የሚያውቀው እሱን ነው። ኤችኢቪሲ በ2013 ሲመጣ ተመሳሳይ ጥራትን በግማሽ ያህል ዳታ መላክ ተቻለ። በዚያው ዓመት ጉግል ቪፒ9ን አወጣ። በ2018 ኤቪ1 ተከተለ፤ እሱ ከቪፒ9ም የበለጠ ይሸክፋል። ሻንጣው እየቀለለ ሄደ፤ አፈታቱ ግን እየከበደ መጣ። ላፕቶፓችሁ የማታውቀው ዘዴ ሲመጣባት ቪዲዮውን ለፕሮሰሰሩ ትሰጠዋለች። ፕሮሰሰሩ ወደ ድንጋይ ወፍጮው ይመለሳል። ጩኸቱ ያኔ ነው የሚጀምረው።

ሮም የምትኖሩ ይህን በቴሌቪዥን አይታችሁታል። መጋቢት 8 ቀን 2022 የጣልያን ዋና ዋና ቻናሎች ከድሮው ኤምፔግ-2 ወደ ኤምፔግ-4 ኤችዲ ተሸጋገሩ። ኤምፔግ-4 የተባለው ያው ኤች.264 ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የድሮው ጭራሽ ቆመ። ቴሌቪዥኑ ደህና ነው፣ ስክሪኑ አልተሰበረም፣ አንቴናው ጣሪያ ላይ አለ፤ ምስል ግን የለም። ስንት ቤት ቲቪው ተበላሸ ተብሎ ወጥቶ ተጣለ! ቲቪው አልተበላሸም ነበር። ውስጡ ያለችው ክፍል አዲሱን ዘዴ አታውቅም፣ በቃ። በጥቂት ዩሮ የሚገዛ ዲኮደር ማለት አዲሱን ዘዴ የምታውቅ ሌላ ወፍጮ ከጎን ማስቀመጥ ማለት ነው። የስሙ ትርጉም ራሱ «ፈቺ» ነው።

ጉዞው አላለቀም። ከነሐሴ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ራይ የተወሰኑ ቻናሎችን ዲቪቢ-ቲ2 በተባለው አዲስ ሥርጭት ማስተላለፍ ጀምሯል። በአንቴና የምታዩ ከሆነ ቻናል 54 ላይ ራይ ስቶሪያ ከመጣላችሁ ቲቪያችሁ ለአዲሱ ዝግጁ ነው። ካልመጣ መጀመሪያ ቻናሎቹን እንደገና አስፈልጉ፤ አሁንም እምቢ ካለ ቲቪው አያውቀውም ማለት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

መስከረም ሲመጣ ትምህርት ይከፈታል፣ ልጅ ላፕቶፕ ይፈልጋል። አዲሱ ውድ ነው፤ ስለዚህ ያገለገለ ይፈለጋል። እሑድ ፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ትሄዱ ይሆናል። (ከቅዳሴ በኋላ ከሄዳችሁ ነጋዴው ዕቃውን ሲሰበስብ ነው የምትደርሱት፤ እሱን እናንተው ተወጡት።) ሻጩ «ኮር አይ5 ነው፣ በጣም ፈጣን!» ይላል። አይ5 የሚለው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። እነዚህን አይታችሁ ግዙ።

ከጭረቷ በኋላ ያለውን ቁጥር አንብቡ። «አይ5-4210» ከሆነ የመጀመሪያው 4 ነው፤ አራተኛ ትውልድ ማለት ነው። «አይ5-8250» ስምንተኛ ነው። «አይ5-1135» ደግሞ አሥራ አንደኛ ነው። የኢንቴል አራተኛ ትውልድ ኤች.264ን በደንብ ይፈታል፣ አዲሶቹን ግን አያውቅም። ስድስተኛው (2015) ኤችኢቪሲን ጨመረ። ሰባተኛው (2016) ቪፒ9ን ጨመረ። አሥራ አንደኛው (2020) ኤቪ1ን መፍታት ጀመረ።

ሌላም ምክንያት አለ። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበልም። ስለዚህ ለልጅ ትምህርት ያገለገለ የኢንቴል ላፕቶፕ ስትገዙ ከስምንተኛ ትውልድ አትውረዱ። ዋጋው ተቀራርቦ አሥራ አንደኛ ካገኛችሁ እሱን ያዙ። የኤኤምዲ ራይዘን ላፕቶፕ ከሆነ ኤቪ1 የመጣው በ2022 ከወጣው 6000 ተከታታይ ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ከወጡት አንዳንዶቹ ትልቅ ቁጥር ይዘው ውስጣቸው የድሮ ግራፊክስ ስላለ ሙሉ ስሙን በስልካችሁ ፈልጉ፤ ሻጩ ሁለት ደቂቃ ይጠብቃችኋል።

ልጁ ለጌም ግራፊክስ ካርድ ከጠየቃችሁ፣ «አዲስ ስለሆነ ሁሉም ነገር አለው» ብላችሁ አትዝለሉ። ኤኤምዲ በጥር 2022 ራዲዮን አርኤክስ 6500 ኤክስቲ የተባለ ካርድ ሲያወጣ የቪዲዮ መሸከፊያ አልነበረውም፤ ኤቪ1ም አይፈታም ነበር። ጌም ያጫውታል፤ ጨዋታውን ቀርጾ ለማሳየት ግን ካርዱ አይረዳውም። ከሱ በፊት የወጡ ካርዶች ያላቸውን አዲሱ አልነበረውም ማለት ነው።

ያገለገለ ቴሌቪዥን ከሆነ መቼ እንደተገዛ ጠይቁ። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2018 በኋላ በጣልያን ሱቆች የተሸጡ ቲቪዎች አዲሱን ሥርጭትና ኤችኢቪሲን እንዲያውቁ ሕጉ ያስገድዳል። ከዚያ በፊት ከሆነ የዲኮደሩን ዋጋ ጨምራችሁ አስሉ።

ለእማማ ስልክ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቁ። በቪዲዮ ጥሪ ላይ ሁለቱ ስልኮች መጀመሪያ የሚስማሙት ሁለቱም በሚያውቁት ዘዴ ነው። የናንተ አዲስ፣ የሳቸው አሮጌ ከሆነ ሁለቱም ወደ አሮጌው ዘዴ ይወርዳሉ። አሮጌው ዘዴ ለተመሳሳይ ምስል ብዙ ዳታ ይበላል። ከሳቸው ፓኬጅ ላይ ነው የሚቆረጠው፤ «ካርዴ አለቀ» ብለው ጥሪውን የሚያሳጥሩት አንዳንዴ ለዚህ ይሆናል። በካሜራው ሜጋፒክስል ብዛት ብቻ ስልክ አትምረጡ።

ቤት ያለውን ሳትጥሉ

አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ነፃ የሆኑትን ሞክሩ። ይህን ለልጁ ስጡት፤ ይችለዋል።

በክሮም ላይ «ኢምፖስታዚዮኒ» ውስጥ ግቡና «ሲስቴማ» የሚለውን ክፈቱ። «አቸለራዚዮኔ ግራፊካ» የሚለው መብራቱን እዩ። አንዳንዴ ወፍጮዋ እያለች ማንም ሳያውቅ ተዘግታ ትገኛለች።

ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ ከፍታችሁ ምስሉን በማውዙ ቀኝ ጫኑና «ስታቲስቲኬ ፐር ነርድ» የሚለውን ምረጡ። ከሚወጡት ፊደሎች መካከል «ኤቪሲ1» ካለ ኤች.264 ነው፤ «ቪፒ09» ካለ ቪፒ9፤ «ኤቪ01» ካለ ኤቪ1። የተሸከፈበትን ዘዴ በዓይናችሁ አያችሁ ማለት ነው።

ቪዲዮው እየሄደ በዊንዶውስ «ጀስቲዮኔ አቲቪታ» የሚለውን ክፈቱ፣ ከዚያ «ፕሬስታዚዮኒ»፣ ከዚያ «ጂፒዩ»። «ቪዲዮ ዲኮድ» ወይም «ቪዲዮ ኮዴክ» የሚለው መስመር ከፍ ካለ ወፍጮዋ እየሠራች ነው። እሱ ዜሮ ላይ ተኝቶ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ከመቶ ከወጣ ተከሳሹ ተገኘ።

ላፕቶፑ አሮጌ ከሆነ ጥራቱን ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። የሚፈታው ነጥብ ከግማሽ በታች ይሆናል፤ በትንሽ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ማራገቢያው ላይ የተጠራቀመውን አቧራም አስጠርጉ፤ አቧራ የዘጋውን ላፕቶፕ የትኛውም ዘዴ አያቀዘቅዘውም።

በአይፎን የቀረጻችሁት የክርስትና ቪዲዮ ዘመድ ቤት ኮምፒውተር ላይ ድምፅ ብቻ እየሰጠ ጠቁሮ ከቀረ ምናልባት በኤችኢቪሲ ስለተቀረጸ ነው። ለሚቀጥለው ድግስ ከስልኩ «ኢምፖስታዚዮኒ» ወደ «ፎቶካሜራ»፣ ከዚያ ወደ «ፎርማቲ» ሂዱና «ፒዩ ኮምፓቲቢሌ» የሚለውን ምረጡ። ፋይሉ ይተልቃል፤ ግን አሮጌውም አዲሱም ኮምፒውተር ይከፍተዋል።

እንግዲህ በሚቀጥለው እሑድ ላፕቶፑ መጮኽ ሲጀምር ልጁን ከመቆጣት በፊት ምርመራውን ለሱ ስጡት። «እስቲ ወፍጮዋ እየሠራች እንደሆነ እይልን» በሉት። መስመሩን አይቶ ይነግራችኋል። ምናልባት አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይፈታው ይሆናል። ምናልባትም ላፕቶፑ በእውነት አርጅቷል፤ ያኔም ቢሆን ስንት ቁጥር እንደሚያስፈልጋችሁ አውቃችሁ ነው ገበያ የምትወጡት።

እማማም ሳይቆራረጥ ያያችሁ። ሲስቁ ጭምር።